ገና፣ ገና ነበር

ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አርብ ማታ፣ በምሠራበት የአውቶቡስ ጋራዥ የገና ግብዣ ነበር። ለንደን ውስጥ ከዚህ ግብዣ ማምለጥ አይቻልም፤ የቀረ ሰው ኩሩ ይባላል፣ የሄደ ሰው ደግሞ ከቀለም ወረቀት የተሠራ ዘውድ ይደፋለታል። እኔ ዘውዴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ጾም ላይ ስለነበርኩ ከቀረበው ሁሉ ድንችና ካሮት ብቻ አስጨለፍኩ። «ድንቹ የተጠበሰው በዘይት ነው ወይስ በዝይ ስብ?» ብዬ ምግብ የሚያድለውን ሰው ጠየቅሁት። ቀና ብሎ ሳያየኝ «በዘይት ነው» አለኝ። እንግሊዞች የገናን ድንች በዝይ ስብ መጥበስ እንደሚወዱ አውቃለሁ። ጥቂት አመነታሁና በላሁ።

ከራት በኋላ የጥያቄና መልስ ውድድር ተጀመረ። በየጠረጴዛው አራት አራት ሆነን አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ተሰጠን። ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ንጉሣውያን ቤተሰብ፣ ስለ ድሮ የቴሌቪዥን ድራማ ሲጠየቅ እኔ ለጠረጴዛችን የረባ ነገር አላበረከትኩም። አራተኛው ዙር ላይ ጠያቂው ጉሮሮውን ጠራረገና «ዓመቱ 1984 ነው» አለ። «በዚያ ዓመት በዚህ ሀገር በብዛት የተሸጡትን አምስት ዘፈኖች በቅደም ተከተል ጻፉ።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በዕድሜ ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። እስክሪብቶውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። «አንደኛውን አንተ ጻፈው» አለችኝ እየሳቀች። «ያንተ ዘፈን ነው።»

ምንም ክፋት አልነበረበትም። ከኢትዮጵያ መምጣቴን በነገርኳት በመጀመሪያው ቀን፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከኪስ ገንዘቧ አጠራቅማ የገዛችው የመጀመሪያ ሸክላ ያ ዘፈን እንደሆነ አጫውታኛለች። ለእሷ ያ ዘፈን የልጅነቷ ደግ ሥራ ነው። ስለዚህ እስክሪብቶውን አነሣሁና መጻፍ ጀመርኩ። ርእሱ በእንግሊዝኛ አምስት አጫጭር ቃላት ነው፤ ወደ እኛ ሲመለስ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ማለት ነው። ሁለተኛው ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቃሉ «እነሱ» ይላል። በዚያ ክፍል ውስጥ «እነሱ» የተባልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለ ራሴ የተጠየቀ ጥያቄ በራሴ እጅ እየጻፍኩ ነው፣ የጾም ድንቼም ሳህኑ ላይ እየቀዘቀዘ ነው።

ጨርሼ ጻፍኩት። አምስቱንም አግኝተን አሸነፍን። ሽልማቱ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ የወተት ቸኮሌት ነበር፤ ሦስቱ ተመካክረው ለእኔ ሰጡኝ።

አማርኛ ለዚህ ሁኔታ አንድ ቃል አለው። ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «አልደረሰም» ነው። ይህን ለባልደረቦቼ በምን ቋንቋ ልተርጉመው? ቆርቆሮውን አቅፌ በሌሊት አውቶቡስ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን እንደ ልጅ እንቆቅልሽ ከአፌ አልጠፋ አለ። ገና፣ ገና ነው።

አምስቱ

ወረቀታችን ላይ የሰፈረው ዝርዝር እንዲህ ነበር። አንደኛ፣ ባንድ ኤይድ በሚል ስም የተሰባሰቡት ዘፋኞች ስለ ረሃባችን የዘፈኑት። ሁለተኛ፣ ስቲቪ ወንደር እንደሚወዳት ሊነግራት ብቻ የደወለበት ዘፈን። ሦስተኛና አራተኛ፣ ፍራንኪ ጎስ ቱ ሆሊውድ የተባለው ባንድ የተጫወታቸው «ሪላክስ» እና «ቱ ትራይብስ»። አምስተኛ፣ የጆርጅ ማይክል «ኬርለስ ዊስፐር»።

በዚህ ሀገር የዘፈን ተወዳጅነት እንደ እህል ይሰፈራል። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋሎፕ የተባለው ድርጅት ሸክላ ቤቶች ውስጥ በተተከሉ መሣሪያዎች የየሳምንቱን ሽያጭ እየለቀመ ደረጃ ያወጣ ነበር። እሁድ ማታ ልጅ አዋቂው ሬዲዮ ከፍቶ ደረጃውን ከታች ወደ ላይ ይከታተል ነበር። እኛ የካሴት ልጆች እንዲህ ያለ ሚዛን አልነበረንም። የእኛ ዘፈን መወደዱ የሚታወቀው ካሴቱ ሳስቶ ሲንጫጫ፣ ሠርግ ቤት ውስጥ «ይደገም!» ሲባል ነበር። እስቲ በ1977 ሀገር ቤት የገነነው ዘፈን የቱ ነው ብዬ እዚህ ያሉ ታላላቆቼን ብጠይቅ አንዱ የኤፍሬም ታምሩ ነው አለኝ፤ ሌላው የለም የነዋይ ደበበ ነው አለ፤ ሦስተኛው ሮሃ ባንድ የሌለበት መልስ አልቀበልም ብሎ ተነሣ። ቡናው ቀዘቀዘ። መስፈሪያ የሌለው ሀገር ቢያንስ ክርክር አያጣም።

የእንግሊዞቹ ዝርዝር ክርክር ባይኖረውም ወሬ አለው። «ሪላክስ» ለጆሮ አይመጥንም ተብሎ ቢቢሲ አላሰማም ያለው ዘፈን ነው፤ በተከለከለ ማግስት ሰው ተሻምቶ አንደኛ አወጣው። «ቱ ትራይብስ» ስለ ኒውክሌር ጦርነት ነው፤ በቪዲዮው ላይ የአሜሪካውን ሬጋንንና የሶቪየቱን ቼርኔንኮን የመሰሉ ሁለት ሰዎች በአደባባይ ይደባደባሉ። ጆርጅ ማይክል ደግሞ በአንደኛውም በአምስተኛውም ላይ አለ። አልበቃው ብሎ ዋም ከተባለው ቡድኑ ጋር «ላስት ክሪስማስ»ን የባንድ ኤይዱ በወጣበት ወር አወጣ። የባንድ ኤይድ ዘፈን አላሳልፍ ስላለው ሁለተኛ ላይ ቀረ። እነ ዋም ግን አልተቀየሙም፤ የራሳቸውን ዘፈን ገቢ ለእኛው ረሃብ ሰጡ። ያ ዘፈን በዚህ ሀገር አንደኛ ለመውጣት እስከ 2021 እ.ኤ.አ. መግቢያ ድረስ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠበቀ፤ ጆርጅ ማይክልም ሳያየው ሞተ። በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ በየሱቁ ስሰማው የኖርኩትን ይህን ዘፈን ታሪኩን ካወቅሁ ወዲህ እንደ ድሮው አልጠላውም።

የግድግዳው መቁጠሪያ

ቅዳሜ ሥራ አልነበረኝም። ኩሽናዬ ግድግዳ ላይ ቤተ ክርስቲያን የምታድለው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። እሱን እያየሁ ወደ ኋላ ቆጥሬ ያን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ደረደርኩት፤ ከዚያ የእንግሊዞቹን ሳምንታዊ አንደኞች ከጎኑ ጻፍኩ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቢኖር በጣቴ አቆጣጠር ይስቅ ነበር።

«ቱ ትራይብስ» ዘጠኝ ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ የቆየው ከሰኔ እስከ ነሐሴ 1976 ነው። ለእነሱ በጋ ነው፤ ለእኛ ክረምት ነው፣ ያውም የወሎ ገበሬ በልጉን ካጣ በኋላ ሰማይ ሰማይ እያየ የከረመበት፣ ዝናቡ ቀርቶ ደመናው ብቻ የሄደ የመጣበት ክረምት። መስከረም ጠባ። በአዲስ አበባ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በርችት ሲከበር፣ ኢሠፓም ሲመሠረት፣ በለንደን አንደኛው የስቲቪ ወንደር የስልክ ዘፈን ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከቆረም ያመጡት ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያን ሳምንት አንደኛ የነበረው የእነ ዋም ዘፈን ርእሱ «ነፃነት» ይባላል።

ኅዳር 16 ቀን የባንድ ኤይድ መሥራቾች ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ዘፋኞቹን ኖቲንግ ሂል ውስጥ፣ ቤዚንግ መንገድ ላይ ባለ ስቱዲዮ ሰበሰቡ። ሕንፃው ቀድሞ የጸሎት ቤት ነበር። ከምነዳው መስመር ስለማይርቅ አንድ ቀን በእግሬ ሄጄ ከውጭ አይቼዋለሁ። ቦይ ጆርጅ ኒው ዮርክ ተኝቶ ነበርና በኮንኮርድ አውሮፕላን በርሮ ደረሰ። ጂም ዳይመንድ የሚባል የስኮትላንዳዊ ዘፋኝ ታሪክም አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ አንደኛ በወጣባት በዚያች ሳምንት «በሚቀጥለው ሳምንት የእኔን አትግዙ፤ የእነሱን ግዙ» ብሎ ተናገረ። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛውም ሀገር ጨዋ ይባላል። ዘፈኑ ወጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፤ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

መቁጠሪያው ላይ ጣቴን ያቆምኩት ግን ኅዳር 16 ላይ ነው። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ስለዚህ እነዚያ ሁሉ ዘፋኞች ሰብሰብ ብለው «ያውቁ ይሆን?» ሲሉ፣ «እነሱ» የተባሉት ሰዎች ጾም ከያዙ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ገናውም ቢሆን በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ታኅሣሥ 16 ነው፤ የእኛ አሥራ ሦስት ቀን ይቀረዋል። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ዘፈኑ አሁንም አንደኛ ነበር። ለንደን ውስጥ ግን ዛፉ ወርዶ፣ መብራቱ ተነቅሎ፣ ገና ተረስቷል። ያን ዕለት ጠያቂ ቢኖር ኖሮ መልሱ የሚገኘው ከእኛ ዘንድ ነበር።

በተናደድኩበት ሰዓት

እውነቱን ልናገር፣ ቅዳሜ ማታ ተናድጄ ነበር። ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ኢትዮጵያ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም፤ ያለው አፍሪካ ነው። ወንዝ የማይፈስበት፣ ምንም የማይበቅልበት ምድር ይላል። የአባይ ሀገር ነው እንዲህ የተባለው! በእርግጥ «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ብለን የተረትነው እኛው ነን። ግን ተረቱ የሚያምረው አባይ መኖሩን ከሚያውቅ ሰው አፍ ሲወጣ ነው። ከዚያ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦኖ የሚዘፍናት ስንኝ አለች፤ በአንተ ፈንታ እነሱ ስለሆኑ አምላክህን አመስግን የምትል። እሱም ራሱ ሲዘፍናት ቅር ብሎት እንደነበር ይነገራል። በ2014 እ.ኤ.አ. ዘፈኑ ለኢቦላ ሲታደስ ያቺን ስንኝ ቀየሯት።

ከሁሉ የከነከነኝ ርእሱ ነው። ያን ጊዜ የረሃቡ እምብርት የነበረው የወሎ ክፍለ ሀገር ነው። ላሊበላ የሚገኘው እዚያው ወሎ ውስጥ ነው። በገና ሌሊት ቀሳውስቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው አለት አናት ላይ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ»ን የሚያሸበሽቡበት፣ ምእመኑ ለሳምንት በእግሩ ተጉዞ የሚደርስበት ላሊበላ። በዓለም ላይ ገና መሆኑን የማያውቅ አንድ ቦታ ፈልግ ቢባል እዚያ አይደለም። ደግሞ ከተራቡት መካከል ብዙ ሙስሊም ነበረ። ወሎ ነው እንግዲህ፤ እኛ ቤት ገና ሲመጣ ከዶሮው ቀድሞ የሚታሰበው ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘሐራ የሚቀርበው ነበር። ለእሷስ ጥያቄው ምን ይሆንላት ነበር?

እንዲህ የሚቆጣ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። ጋናዊው ዘፋኝ ፊውዝ ኦዲጂ በ2014ቱ ቀረጻ አልሳተፍም ብሏል። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤድ ሺራን ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ለአርባኛው ዓመት በወጣው ቅንብር ድምፁ ሲገባ እንዳልተጠየቀና ቢጠየቅ እንደማይፈቅድ ተናገረ። ጌልዶፍ የታደገው ነፍስ ይበልጣል ብሎ ይመልሳል። ክርክሩን ሙሉ ሌሊት አነበብኩት። ሁለቱም ወገን ስለ እኔ የሚያወራ ቢሆንም አንዱም እኔን የሚያናግር አልመሰለኝም።

«ምን ዘፈን አለና?»

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ደሴ ደወልኩ። እማዬ ቡና አፍልታ ጨርሳ ነበር።

«እማዬ፣ በሰባ ሰባት የሚዘፈነው ምን ነበር?»

«በሰባ ሰባት? ምን ዘፈን አለና ልጄ! ሠርግ የለ፣ ምን የለ።» ዝም አለች። ከዚያ «ቆይ፣ ነበረ እንጂ» አለች። «አሥረኛው ዓመት!»

በነሐሴ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሆጤ ሜዳ ላይ ለልምምድ ይወጣ ነበር። ያልወጣች ሴት ከኅብረት ሱቁ ስኳርና ሳሙና ታጣለች። እማዬ የሦስት ወር ሕፃን የነበርኩትን እኔን አዝላ ትሰለፍ ነበር። «ግራ ቀኝ ስንል አንተ እንቅልፍህን ትለጥጥ ነበር» አለችኝ። ድምፅ ማጉያው ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ መዝሙር ያንቆረቁራል። «በወልድያ በኩል የሚመጣው ሰው መንገዱ ዳር ዳር ተቀምጦ ያየናል። እኛ እንዘምራለን። እነሱ ያዩናል።»

«ምን ነበር የሚለው መዝሙሩ?»

ዜማውን አንጎራጎረችልኝ። ሞቅ ያለ፣ ለእርምጃ የሚመች ዜማ ነው፤ እኔም ሳላስበው በእግሬ መታሁት። ቃሉን ስጠይቃት ግን «ረስቼዋለሁ» አለችኝ። እናቴ የሞቱ ጎረቤቶቿን የልጆቻቸውን የክርስትና ስም ሳይቀር የምታስታውስ ሴት ናት። አልረሳችውም። ያን ዓመት ሁለት ሀገሮች በእኛ ላይ ሁለት ዘፈን ዘፍነዋል፤ እንግሊዞቹ የራሳቸውን ዛሬም በየዓመቱ ይዘፍኑታል፣ እናቴ የራሷን አፏ ላይ ማምጣት አልፈለገችም።

ከዚያ የእንግሊዞቹን ርእስ ነገርኳት።

«ማን ነው የሚጠይቀው?»

«እንግሊዞች።»

«ማንን?»

«እኛን። ማለቴ፣ ስለ እኛ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ።»

«ገና መሆኑን እናውቅ እንደሆነ?» ረጅም ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ድምፅዋ ተለወጠ። «ጾም ነበር እኮ» አለች።

ይህን ታሪክ በአርባ ዓመት ውስጥ ነግራኝ አታውቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ የማኅበሩ ሴቶች በተራ በተራ ከከተማው ጫፍ ወዳለው መጠለያ እየሄዱ ያድሉ ነበር። አንድ ቀን በካርቶን የታሸገ ብስኩት መጣ። አብሯቸው የነበረ አስተማሪ በላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ወተት እንዳለበት ነግሯቸዋል። እማዬ እየዞረች ስታድል ከላስታ በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት ጋ ደረሰች። «አሮጊት እላለሁ እንጂ፣ ዛሬ ሳስበው ከእኔ ያንሱ ነበር» አለችኝ። ብስኩቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አሸተቱት። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን አይዋትና ጠየቋት።

«ልጄ፣ ይሄ የጾም ነው?»

«ምን አልሻቸው?» አልኩ።

«የጾም ነው አልኳቸው።»

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለች።

«ዋሽቼ አስገደፍኳቸው» አለች። «ግማሹን በሉ፣ ግማሹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ለነፍስ አባቴ ነግሬአለሁ። ለታመመና ለተራበ ጾም የለበትም፣ ስለ ውሸቱ ግን ስገጂ አሉኝ። ሰገድኩ። እሳቸው ግን ሳያውቁ ሄዱ።»

ምን እንደምላት ጠፋኝ። ባዶውን ለመሙላት ይመስለኛል፣ ቅዳሜ ያጠራቀምኩትን ቁጣ ማውረድ ጀመርኩ። ስለ አባይ፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለዚያች ስንኝ ነገርኳት። ስድብም ሳያመልጠኝ አልቀረም።

«ተው!» አለችኝ። «ያጎረሰ እጅ አይነከስም። ስንዴው መጥቷል።»

«ዘፈኑ ግን እማዬ...»

«ዘፈኑን አላውቀውም። ስንዴውን ግን አውቀዋለሁ፤ ፈጭቼ ለአንተ ያበላሁህ እኔ ነኝ።» እንደዚያ ብላ ወሬ ለወጠች፤ ለንደን ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ማሞቂያው እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ልንዘጋ ስንል «ለመሆኑ ያንን ቸኮሌት በላኸው?» አለች።

«ጾም ነው እኮ።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለችና ዘጋች።

ስልኩን አስቀምጬ ብዙ ተቀመጥኩ። ያ ድንች ያደለኝ ሰው ለምን ቀና ብሎ እንዳላየኝ ማሰብ ጀመርኩ።

ቆርቆሮው

ስለ ባልደረባዬ ሳንቲም ላሰላ ሞከርኩ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የከፈለችው ገንዘብ እናቴ እጅ የገባውን ብስኩት ገዝቶ ቢሆን ታሪኩ እንዴት ባማረ! ግን ቀኑ አይገጥምም። በታኅሣሥ የዘፈኑ ገንዘብ ገና ከሱቆቹ መዝገብ አልወጣም። ብስኩቱ ከሌላ እጅ የመጣ ነው። እማዬ የፈጨችው ስንዴ ግን በግንቦት ይሁን በሰኔ፣ ከማን እንደመጣ ከረጢቱን ያነበበ የለም። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አውቶቡስ ስነዳ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ይህን ሒሳብ ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ።

በዲሴምበር 25 የለንደን አውቶቡስ አይሠራም፤ በዓመት አንድ ቀን ሁላችንም አንድ ላይ የምናርፍባት ቀን ናት። ተኝቼ አሳለፍኳት። ታኅሣሥ 29 ማክሰኞ ዋለ። ፈቃድ ጠይቄ አልተገኘም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሬ፣ ቅዳሴ ወጥቼ፣ ሁለት ሰዓት ተኝቼ ለከሰዓት ፈረቃ ጋራዥ ገባሁ። ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ አጣጥፌዋለሁ። ቆርቆሮውን ሳልከፍተው ይዤው መጥቼ ያ ውድድር የተደረገበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። የግብዣው ጌጥ ሁሉ ተነቅሎ ኮርኒሱ ላይ የማጣበቂያ ፕላስተር ብቻ ቀርቷል።

ባልደረባዬ ሻይዋን ይዛ መጣች። ቆርቆሮውን አይታ ገረማት።

«እስካሁን አልከፈትከውም?»

«ጾም ነበርኩ» አልኳት። «ዛሬ ነው ገና።»

ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የፈረቃ ሰሌዳ አየች፤ ከዚያ እኔን። «ያን ማታም?»

«ያን ማታም።»

ስለ ዘፈኑ ምንም አላለችም፤ እኔም አላነሣሁባትም። ክዳኑን ለመክፈት ጥፍሯ አልቻለም፤ ቁልፌን አውጥቼ በጠርዙ ፈለቀቅኩላት። ውስጡን ጎርጉራ ሐምራዊውን መርጣ ለእኔ ሰጠችኝ፣ ሌላ ሐምራዊ ፈልጋ ለራሷ ወሰደች። ተራዬ ሊደርስ አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ወረቀቱን ደረጃው ላይ እየላጥኩ ወደ አውቶቡሴ ወረድኩ።